ጨለማን የሚያይ ዓይን፦ ከስኬቨኒንገን አሸዋ እስከ መኪና

በሌሊት የሚነዳ ሰው የሚያየው የመኪናው መብራት የደረሰበትን ያህል ነው። አጭር መብራት መንገዱን በደንብ የሚያሳየው እስከ 50 ወይም 60 ሜትር ድረስ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ደግሞ ሾፌሩ አንድ ነገር አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ባለችው አንዲት ሰከንድ ብቻ 22 ሜትር ይሄዳል፤ ከዚያ በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 35 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ፍጥነቱ 100 ከሆነ ድምሩ ከ80 ሜትር ያልፋል። በዚህ ፍጥነት አንድ እንስሳ በመብራቱ ዳር ብቅ ሲል መኪናው ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አልቋል ማለት ነው። እግረኛ ቢያንስ ነጭ ሊለብስ፣ ባትሪ ሊይዝ ይችላል። አጋዘን፣ ግመልና አህያ ግን ከጨለማው ጋር አንድ ቀለም ሆነው መንገድ ያቋርጣሉ። ከአዋሽ ወደ ሚሌ በሌሊት የሚያሽከረክር የከባድ መኪና ሾፌር ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ ሳያሰፍረው ያውቀዋል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጣው የሌሊት እይታ መሣሪያ አንዱ ሥሩ ያለው በኔዘርላንድስ ነው። የመጀመሪያው የኢንፍራሬድ ምስል ቱቦ የተሠራው በአይንድሆቨን ሲሆን፣ በዘ ሄግ ከተማ የባሕር ዳርቻ በስኬቨኒንገን አጠገብ፣ በዴልፍትና በሱስተርበርግም ለአሥርተ ዓመታት በጨለማ ውስጥ ስለማየት ተጠንቷል። አብዛኛውን ወጪ የሸፈነው የጦር ኃይል ነበር። የመኪና ሾፌር የዚህ ሥራ ተጠቃሚ የሆነው ዘግይቶ ነው፤ እሱም ቢሆን የቅንጦት መኪና መግዛት የቻለው ብቻ።

ነገሩ የሚጀምረው ከኔዘርላንድስ ውጭ ነው። በ1800 ዊልያም ሄርሼል በእንግሊዝ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ የየቀለሙን ሙቀት ሲለካ፣ ከቀዩ ቀለም ማዶ ምንም በማይታይበት ቦታ ያኖረው ቴርሞሜትር ከሁሉም በላይ ሞቀ። ዓይን የማያየው፣ በኋላ ኢንፍራሬድ የተባለው ጨረር በዚህ ታወቀ። በ1878 ደግሞ አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሳሙኤል ላንግሊ ቦሎሜትር የተባለ መሣሪያ ሠራ። ቀጭን የብረት ሰቅ ጨረር ሲያርፍበት በጥቂቱ ይሞቃል፤ ሲሞቅ በውስጡ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ጅረት የመቋቋም ኃይሉ ይለወጣል፤ ያንን ለውጥ መለካት ጨረሩን መለካት ነው። እያሻሻለው ሄዶ መሣሪያው በሩብ ማይል፣ ማለትም በ400 ሜትር ግድም ርቀት ላይ የቆመችን ላም ሙቀት እስከ መለየት መድረሱ ይነገራል። ላንግሊ የሚፈልገው የከዋክብትንና የፀሐይን ሙቀት ነበርና ላሟ ለመሣሪያው ብርታት መግለጫ ብቻ ነበረች። ይሁንና ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በመኪና ፊት የተተከለው የሙቀት ካሜራ በአሠራሩ የላንግሊ ቦሎሜትር በሺዎች ተባዝቶ፣ እጅግም ደቅቆ ነው፤ ሥራውም ያችኑ ላም መፈለግ ሆኗል።

ስኬቨኒንገን በዚህ ታሪክ ውስጥ የምትገባው በ1920ዎቹ ነው። ከሰፈሩ በስተሰሜን እስከ ዋሰናር ድረስ ሜይንደል የተባለው ሰፊ የአሸዋ ኮረብታ ይዘረጋል። ከ1874 ጀምሮ የዘ ሄግ ነዋሪዎች የመጠጥ ውኃ የሚጣራው በዚህ አሸዋ ውስጥ ነው። ውኃውን ለመጠበቅ ሲባል ከግንባታ የተረፈው ይኸው መሬት ለሜዳ አጋዘንና ለቀበሮም መኖሪያ ሆኖ ቀርቷል። በዳርቻው ያለው የዋልስዶርፕ ሜዳ ግን የወታደር መለማመጃ ነበር። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ጋዜጦች ሞተርን ከሩቅ የሚያቆም፣ ሰውንም የሚገድል ጨረር ተገኘ የሚል ወሬ በየጊዜው ያወጡ ነበር። የኔዘርላንድስ የጦር ባለሥልጣናት ወሬውን ችላ ከማለት ይልቅ ፊዚክስ ለጦርነት ምን እንደሚጠቅም የሚመረምር ሥራ አስጀመሩ፤ በ1927 በዋልስዶርፕ ሜዳ ላይ ሜትኸባው፣ የመለኪያ ቤት ማለት ነው፣ የተባለች ትንሽ ቤተ ሙከራ ሥራ ጀመረች። የሞት ጨረር አልተገኘም። ወጣቱ መሐንዲስ ቮን ዌይለር የሚመራው ቡድን ግን አውሮፕላንን በድምፅ፣ በኋላም በሬዲዮ ሞገድ ከሩቅ ማወቅ ላይ አተኮረ።

ዋናው ግኝት የመጣው ከደቡብ፣ ከአይንድሆቨን ነበር። የፊሊፕስ ኩባንያ በ1914 ያቋቋመው የምርምር ቤተ ሙከራ የመጀመሪያ ኃላፊ ኺለስ ሆልስት ነበር። በ1934 ሆልስት ከዴ ቡር፣ ከቴቨስና ከፌነማንስ ጋር ሆኖ ረጅም ሞገድ ያለውን የማይታይ ብርሃን ወደሚታይ ብርሃን የሚለውጥ ቱቦ መሥራታቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። አየር የሌለበት የብርጭቆ ዕቃ ሁለት ጠፍጣፋ ፊቶች አሉት፤ አንደኛው ፊት በብር፣ በኦክስጅንና በሲዝየም ተለብጧል። ኢንፍራሬድ ሲያርፍበት ይህ ልባጭ ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ በሺዎች ቮልት የሚቆጠር የኤሌክትሪክ ኃይል እነዚያን ኤሌክትሮኖች በጠባቧ ክፍተት አሻግሮ ሲመቱት ከሚያበራ ሁለተኛ ፊት ጋር ያላትማቸዋል። ከፊት ያለው ነገር ምስል በአረንጓዴ ብርሃን ይታያል። በመካከሉ ምንም ሌንስ ስለሌለ ምስሉ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ግን ጨለማ ውስጥ ይታያል። መሣሪያው የሆልስት ብርጭቆ ተብሎ ተጠራ።

በዚያው በ1934 በእንግሊዝ አገር በሃሊፋክስ ከተማ ፐርሲ ሾው የሚባል የመንገድ ጥገና ባለሙያ ፍጹም ለተለየ መፍትሔ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፦ በአስፋልት መሐል ተቀብሮ የመኪና መብራትን ወደ ሾፌሩ የሚመልስ፣ የድመት ዓይን የተባለ ብርጭቆ። የድመት፣ የአጋዘን፣ የከብትና የሌሎች ብዙ እንስሳት ዓይን ከኋላው አንጸባራቂ ሽፋን ስላለው በሌሊት መብራት ሲያርፍበት ይነድዳል፤ ሾፌሮች የእንስሳውን ገላ ሳያዩ አስቀድመው የሚያዩት ይህን ነው። እንስሳው ጎኑን ወይም ጀርባውን ከሰጠ ግን የሚያንጸባርቅ ነገር የለም። የሾው ብርጭቆ ርካሽ ነበርና በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ መንገዶች ላይ ተተከለ። የሆልስት ብርጭቆ ግን ወደ መንገድ ሳይሆን ወደ ጦር ሜዳ ሄደ።

በዋልስዶርፕ በ1937 የሆነው ነገር ከእንስሳት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ቮን ዌይለርና ባልደረባው ኽራታማ መድፈኞች የሚገናኙበትን እጅግ አጭር ሞገድ ያለው ሬዲዮ ሲሞክሩ ሳለ፣ የወፍ መንጋ በሞገዱ መንገድ በረረና ምልክቱን አወከው። ወፍ የሚያውከውን አውሮፕላንም ያውከዋል። የጦር ሚኒስቴሩ ሙከራው እንዲቀጥል አዘዘ፤ ኔዘርላንድስ የራሷ ራዳር የኖራት እንዲህ ነው። ጀርመን በግንቦት 1940 አገሪቱን ስትወር ከተሠሩት ናሙናዎች አንዱ በዘ ሄግ መሐል በማሊፌልድ ሜዳ ላይ ይሠራ ነበር። ቮን ዌይለርና ማክስ ስታል የተባለው ባለሙያ የተፈታቱ ሁለት መሣሪያዎች ይዘው ከመጨረሻዎቹ መርከቦች በአንዱ ወደ እንግሊዝ አመለጡ። ከዚያ በኋላ የዋልስዶርፕ ሜዳ በአገሬው ዘንድ የሚታወቀው በሌላ ነገር ነው፤ በወረራው ዘመን ከ250 በላይ ሰዎች በዚያ አሸዋ ላይ ተረሽነዋል።

በጦርነቱ ጊዜ መኪናን በኢንፍራሬድ መንዳት ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ሥራ ሆነ። ምክንያቱ እንስሳት አልነበሩም፤ የቦምብ ፍርሃት ነው። መብራት ያበራ ተሽከርካሪ ዒላማ ስለሚሆን እንግሊዞች በሆልስት ብርጭቆ ዓይነት ቱቦ የተሠራ ታቢ የተባለ መነጽር አዘጋጁ፤ የመኪናው የፊት መብራት ዓይን የሚያየውን ብርሃን በሚያስቀር ማጣሪያ ይሸፈናል፤ መነጽሩን ያጠለቀው ሾፌር ግን መንገዱን ያያል። ጀርመኖችም በጦርነቱ መጨረሻ በፓንተር ታንኮቻቸው ላይ ኢንፍራሬድ መብራትና መመልከቻ ገጥመዋል። የሁለቱም ድክመት አንድ ዓይነት ነበር፦ የራሱን መብራት ካላበራ አያይም፤ መብራቱን ካበራ ደግሞ ተመሳሳይ መሣሪያ ያለው ጠላት ያየዋል። ለሰላማዊ ሾፌር ይህ ሁለተኛው ድክመት ምንም አይደለም። ከስልሳ ዓመት በኋላ ጃፓንና ጀርመን የሠሯቸው አንዳንድ መኪኖች በመሠረቱ ወደዚሁ ዘዴ የተመለሱት ለዚህ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ሥራው ሦስት ቦታ ላይ ተከፈለ። በዋልስዶርፕ ቤተ ሙከራው ቲኤንኦ በተባለው የአገሪቱ የተግባር ምርምር ድርጅት ሥር ገብቶ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሆነ፤ ዛሬም ድርጅቱ በዚያው በአውደ ዋልስዶርፐርወኽ መንገድ ላይ ይሠራል፤ የድሮዎቹም መሣሪያዎች በግቢው ቤተ መዘክር ተቀምጠዋል። ሁለተኛው ቦታ በዘ ሄግና በሮተርዳም መካከል ያለችው ዴልፍት ናት። በ1939 የተቋቋመው አውደ ዴልፍት የተባለው የኦፕቲክስ ኩባንያ ከፊሊፕስ የመጣውን የፊዚክስ ሊቅ አልበርት ባውወርስን ይዞ ነበር። ኩባንያው ዓለም አቀፍ ስም ያገኘው ኦዴልካ በተባለች የደረት ራጅ ካሜራ ነው፤ ሳንባ ነቀርሳን ለመመርመር በየአገሩ ተሠራባት። ደካማ የራጅ ምስልን የማጉላት ሥራና ደካማ የኮከብ ብርሃንን የማጉላት ሥራ በቴክኒኩ ዘመዳሞች ስለሆኑ ኩባንያው ወደ ሌሊት መነጽር መሻገሩ አይገርምም። ብርሃን አጉሊ ቱቦው በሰሜን በሮደን ከተማ መመረቱን እስከ ዛሬ ቀጥሏል፤ ፋብሪካው በኋላ የፎቶኒስ ንብረት ሆነ።

ብርሃን አጉሊ መነጽር ለምን ወደ መኪና አልገባም? ከወታደሩ ውጭ የሚገዛው ጠፍቶ አይደለም። መነጽሩ የሚሠራው በጨለማ ነው፤ ከፊት የሚመጣ አንድ መኪና ረጅም መብራቱን ካበራ ምስሉ በሙሉ ይነጣል። በሰው በተጨናነቀው፣ በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በዘ ሄግ መካከል ባለው አካባቢ መንገዶቹ የመብራት ሰልፍ ናቸው፤ እዚያ የሚያስፈልገው መብራት የማያሳውረው ዓይን ነበር። እሱም የሙቀት ካሜራ ነው።

የሙቀት ካሜራ የሚያየው ብርሃንን ሳይሆን እያንዳንዱ ነገር ከሙቀቱ የተነሣ የሚረጨውን ጨረር ነው። የሰውና የአጥቢ እንስሳት ገላ ይህን ጨረር በብዛት የሚረጨው በ9 ወይም በ10 ማይክሮሜትር ሞገድ አካባቢ ሲሆን፣ በቀዝቃዛ ሌሊት አጋዘን በጥቁር ሜዳ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። የመጪው መኪና መብራት ለዚህ ካሜራ ምንም አይደለም። ሁለት ችግሮች ግን ነበሩበት። የመጀመሪያዎቹ ካሜራዎች ጥርት ያለ ምስል የሚሰጡት በፈሳሽ ናይትሮጅን ደረጃ፣ ከዜሮ በታች 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አቅራቢያ ሲቀዘቅዙ ነበር፤ ይህን በግል መኪና ውስጥ የሚያኖር የለም። ሁለተኛው ችግር መስታወት ነው፤ ተራ መስታወት ይህን ጨረር አያሳልፍም። ስለዚህ ሌንሱ ከጀርማኒየም ወይም ከመሰል ውድ ማዕድን መሠራት አለበት፤ ካሜራውም ከንፋስ መከላከያው መስታወት በስተጀርባ ሊቀመጥ አይችልምና ጭቃና በረዶ በሚመታው በመኪናው ፊት መተከል ግዴታው ነው። በሞቃት አገር ደግሞ ሦስተኛ ችግር ይጨመራል፦ በአፋር በረሃ መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት እስከ ምሽት ስለሚይዝ፣ አስፋልቱና ግመሉ እኩል የሞቁበት ሰዓት ካሜራው ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል። ለኔዘርላንድስ ጭጋጋማ ሌሊት የተመቸ መሣሪያ ለአዋሽ ምሽት እኩል ይመቻል ማለት አይደለም።

እነዚህ ካሜራዎች ምን ያህል የጦር ምስጢር እንደነበሩ በ1991 ታየ። አውደ ዴልፍት ከአንድ ዓመት በፊት ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ ዴልፍት ኢንስትሩመንትስ ሆኖ ነበር። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት የአሜሪካ ሥሪት የሆኑ የሌሊት እይታ ክፍሎች በዚህ ኩባንያ በኩል ወደ ኢራቅ ተላልፈዋል ብሎ ወደ ኩባንያው የሚላኩ ዕቃዎችን አገደ። በተቃራኒው በ1992 አሜሪካ ሌላ በር ከፈተች። የሃኒዌል ኩባንያ ማቀዝቀዣ የማያስፈልገውን ማይክሮ ቦሎሜትር፣ የላንግሊን ሐሳብ በቫናዲየም ኦክሳይድ ስስ ሽፋን በጥቃቅን ነጥቦች የደገመውን መሣሪያ፣ በምስጢር ሲሠራ ቆይቶ ነበር፤ በዚያ ዓመት ምስጢርነቱ ተነሣ። የሙቀት ካሜራ ለንግድ የሚመረትበት መንገድ የተከፈተው ያኔ ነው።

በዚህ መካከል የኔዘርላንድስ መንገድ ሠሪዎች ካሜራ ሳይጠብቁ በራሳቸው መንገድ ሄደው ነበር። በ1988 በአርንሄምና በአፐልዶርን መካከል በሚያልፈው ኤ50 አውራ ጎዳና ላይ ቴርሌትና ዉስተ ሁቨ የተባሉ፣ በሣርና በቁጥቋጦ የተሸፈኑ ሁለት የእንስሳት ድልድዮች ተሠሩ። አጥሩ አጋዘንና የዱር አሳማ አስፋልቱን እንዳይረግጡ ይከላከላል፤ ድልድዩ ያሻግራቸዋል። በአጥር በማይሸፈኑት መንገዶች ዳር ደግሞ የመኪናን መብራት ወደ ጫካ የሚመልሱ አንጸባራቂዎች በችካል ላይ ተተከሉ፤ ርካሽ ስለሆኑ ብዙ አገር ወዷቸዋል። በጀርመን የተካሄደና በ2018 የወጣ ሰፊ ጥናት ግን ግጭትን እንደማይቀንሱ አሳየ፤ እንስሳቱ ይለምዷቸዋል፣ ወይም ከመጀመሪያውም አይፈሯቸውም።

ከሁሉም የሚያስገርመው፣ ምናልባትም ከሚገባው በታች የተወራለት፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ በፌሉወ ደን ዳር በት ሃርደ አቅራቢያ በሚያልፈው ኤን309 መንገድ ላይ የተተከለው ነው። በስዊዘርላንድ ቀድሞ በተሞከረ ዘዴ መሠረት የእንስሳ ገላ ሙቀት የሚሰማቸው ጠቋሚዎች በመንገዱ ዳር ተተክለዋል፤ አጋዘን ሲቀርብ የአጋዘን ሥዕልና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚል ፍጥነት ያለው ሰሌዳ ይበራል፤ እንስሳ ከሌለ ሰሌዳው ጨለማ ነው። የሌሊቱ ዓይን በመንገዱ ላይ ስለሆነ ያረጀ መኪና የያዘው ገበሬም፣ አዲስ መኪና የያዘውም እኩል ይጠቀማሉ። ዓመቱን ሙሉ የቆመ ቢጫ ሰሌዳ የማንንም እግር ከነዳጅ ላይ አያነሣም፤ እንስሳው ባለበት ደቂቃ ብቻ የሚበራ ሰሌዳ ግን ሾፌር ያምነዋል።

በመኪና ውስጥ የመጣው ዓይን የተሸጠው መጀመሪያ በአሜሪካ ነው። ጀነራል ሞተርስ ለ2000 ሞዴል ካዲላክ ዴቪል ከሬይቲዮን ጋር የሠራውን የሙቀት ካሜራ በአማራጭነት አቀረበ፤ ካሜራው ከፊት ባለው የካዲላክ ዓርማ በስተጀርባ ተቀምጦ ጥቁርና ነጭ ምስሉን በንፋስ መከላከያው መስታወት ላይ ከመሪው ፊት ይጥላል። ዋጋው ከ2000 ዶላር ብዙ አይርቅም ነበር። ማስታወቂያው የሚያተኩረው አጋዘን ላይ ነው፤ ገዥው ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጠፋና ከ2004 ሞዴል በኋላ ቀረ። የማያቋርጥ ግራጫ ፊልም ከፊት የሚያይ ሾፌር መንገዱን ይይ ወይስ ፊልሙን? ካዲላክ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረውም።

የቀጣዮቹ ዓመታት ታሪክ ይህን ጥያቄ ለመመለስ የተደረገ ነው። ቶዮታ በ2002 በትልልቅ መኪኖቹ ላይ የታቢን መንገድ ተከተለ፤ የማይታይ የኢንፍራሬድ መብራት ራሱ ያበራል፣ ካሜራው የተመለሰውን ያያል። ሆንዳ በ2004 በጃፓን በሌጀንድ መኪናው ላይ ሁለት የሙቀት ካሜራዎችን ገጥሞ እግረኛን ራሱ ለይቶ የሚያስጠነቅቅ ኮምፒውተር ጨመረ፤ ሾፌሩ ፊልም እንዲያይ ሳይሆን እንዲነገረው። በ2005 ሁለቱ የጀርመን ባላንጣዎች ተለያዩ፦ ቢኤምደብሊው በ7 ሲሪዝ ላይ እስከ 300 ሜትር የሚደርስ የሙቀት ካሜራ፣ መርሰዲስ በኤስ ክላስ ላይ ምስሉ የበለጠ ፎቶ የሚመስል ግን የሚደርስበት ርቀት አጠር ያለ የኢንፍራሬድ መብራት መረጡ። ሙቀት የሚያየው ካሜራ የአጋዘንን መኖር ከሩቅ ይናገራል፤ የመንገዱን መስመርና ምልክት ግን አያሳይም። ሌላው መንገዱን ያሳያል፣ አጋዘኑን በመጨረሻ ሰዓት። ክርክሩ ለስምንት ዓመት ቆየ። በ2013 መርሰዲስ በአዲሱ ኤስ ክላስ ሁለቱንም በአንድ አዋሕዶ እግረኛንና ትልልቅ እንስሳን የሚለይ ሥርዓት አወጣ፤ በዚያው ዓመት ቢኤምደብሊው በሌሊት መንገድ ዳር የቆመን ሰው ወይም እንስሳ ለይቶ በብርሃን ጨረር የሚያሳይ አሠራር አቀረበ። ሾፌሩ ከመስኮቱ ውጭ እንጂ ወደ ሰሌዳው ማየት አያስፈልገውም። ከካዲላክ ጀምሮ የነበረው ጥያቄ ተገቢ መልስ ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ያው 2013 ለኔዘርላንድስም ትርጉም ያለው ዓመት ነበር። የአገሪቱ የመንገድና የውኃ ባለሥልጣን ወጪ ለመቆጠብ በብዙ አውራ ጎዳናዎች ላይ ያለውን መብራት ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ድረስ ማጥፋት ጀመረ። በዚያው ዓመት በዛንድፎርት አቅራቢያ ዛንድፖርት የተባለ የእንስሳት ድልድይ ተከፈተ። የአምስተርዳም ከተማ የመጠጥ ውኃ የሚጣራበት 3400 ሄክታር ያህል የአሸዋ ኮረብታ በዚያ አለ፤ አደን ለረጅም ጊዜ በመታገዱ ዳምኸርት የተባሉት ነጠብጣብ ያላቸው አጋዘኖች በሺዎች ተራብተው ወደ መንገድ ይወጡ ነበር። መፍትሔ የሆነው በዋናነት ረጅም አጥር ነው፤ ድልድዩ ላይ ራሱ ዳምኸርቶቹ ወደ ሰሜን እንዳይዛመቱ አጥር ተጨመረ። የከተማው ምክር ቤት ለዓመታት ተከራክሮ ከ2016 ጀምሮ ቁጥራቸው በመሣሪያ እንዲቀነስ ተደረገ። በስኬቨኒንገን ጀርባ በሜይንደል ያለው የሜዳ አጋዘን ቁጥሩ አነስተኛ ነው፤ ግን ወደ ዋሰናር የሚያልፉ መንገዶችን ያቋርጣል፤ አደጋው የሚበዛውም ወንዶቹ ክልል በሚከፋፈሉበት በሚያዝያና በግንቦት፣ በተለይም በንጋትና በምሽት ነው። በጥቅምት መጨረሻ እሑድ ሰዓት ሲቀየር ሠራተኛው ከሥራ የሚመለስበት ሰዓት በድንገት ጨለማ ውስጥ ስለሚወድቅ ሌላ አስጊ ሳምንት ይፈጠራል።

ካሜራ አጋዘኑን አየ ማለት ሾፌሩ አየው ማለት እንዳልሆነ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሥራው ከተከፈለባቸው ቦታዎች የሦስተኛው፣ በ1949 በሱስተርበርግ የተመሠረተው የቲኤንኦ የስሜት ሕዋሳት ጥናት ተቋም ሥራ ይኸው ነበር። በዚያ የሚሠሩት ፒት ባይልና ማቲዩ ፋለቶን በ1998 የሌሊት ካሜራን የሚመዝን አዲስ መለኪያ አወጡ፦ ተመልካቹ ትንሽ ትሪያንግል ጫፉ ወደየት እንደሚያመለክት ከአራት አቅጣጫ አንዱን ይናገራል፤ መልሱ በግምት ይሁን በማየት በስታቲስቲክስ ይለያል። አሮጌው መለኪያ ተመልካቹ ጥቁርና ነጭ መስመሮችን “አየሁ” ማለቱን ብቻ ይቀበል ነበር። በዚያው ተቋም አሌክሳንደር ቱትና ባልደረቦቹ የተለያዩ የሌሊት ካሜራዎችን ምስል አዋሕደው የቀን ቀለም የሚመስል ቀለም የሚሰጡበትን ዘዴ ሠሩ። ሥራው ለወታደር የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን ሣሩ አረንጓዴ፣ አስፋልቱ ግራጫ ሆኖ ሲታይ ዓይን እንስሳውን ከግራጫ ምስል ይልቅ ፈጥኖ ያነሣል።

ኮምፒውተር ላይ መተማመን ግን የራሱ አስቂኝ ጊዜ ነበረው። ቮልቮ በ2016 ለሽያጭ ባቀረበው ኤስ90 መኪና ላይ በካሜራና በራዳር ትልልቅ እንስሳትን ለይቶ ፍሬን የሚይዝ ሥርዓት ገጠመ፤ ሥርዓቱ በስዊድን የሚበዛውን ግዙፉን የሰሜን አጋዘን አጥንቷል። በአውስትራሊያ ሲሞከር ካንጋሮ አስቸገረው። ሥርዓቱ የእንስሳውን ርቀት የሚገምተው እግሩ ያረፈበትን መሬት መነሻ አድርጎ ነው፤ ካንጋሮ ሲዘል አየር ላይ ሳለ የራቀ ይመስላል፣ ሲያርፍ የቀረበ። ችግሩ በ2017 ለዓለም ጋዜጦች ወሬ ሆነ። ለአንድ አገር እንስሳ የተማረ ዓይን ለሌላ አገር እንስሳ መሃይም ሊሆን ይችላል፤ ጎንበስ ብሎ የሚሮጥ ጅብ ወይም በገመድ የተቆራኙ ግመሎች ተራ ምን እንደሚሉት ማንም ሳይሞክር አይታወቅም።

ከዚያ ወዲህ ለውጡ የመጣው ከዋጋውና ከሕጉ በኩል ነው። የማይክሮ ቦሎሜትር ዋጋ እየወረደ ሲሄድ የቻይና አምራቾች ገቡበት፤ ቢዋይዲ በ2023 ለገበያ ያቀረበው ያንግዋንግ ዩ8 የሙቀት ካሜራ አለው። በአውሮፓ የመኪኖችን ደህንነት የሚመዝነው ዩሮ ኤንካፕ ከ2018 ጀምሮ ፍሬን የሚይዙ ሥርዓቶችን በሌሊት በእግረኛ አምሳያ ይፈትናል። የአሜሪካ የመኪና ባለቤቶች ማኅበር በ2019 ባወጣው ሙከራ የተመረጡት መኪኖች ሥርዓት በሌሊት እግረኛን ለማዳን ከሞላ ጎደል ምንም አልረዳም። ይህም የአሜሪካ መንግሥት በ2024 ላወጣው ደንብ ድጋፍ ሆነ፤ በደንቡ መሠረት ከመስከረም 2029 ጀምሮ አዲስ ቀላል መኪኖች በጨለማም እግረኛን ለይተው መቆም አለባቸው። ተራ ካሜራ ይህን ፈተና ለማለፍ ስለሚቸገር የሙቀት ካሜራ ሻጮች ገበያቸው የሚሰፋው በዚህ እንደሆነ ያምናሉ።

በአውሮፓ ኅብረት ደንብም ሆነ በአሜሪካው የሚጠየቀው ለሰው መቆም ነው፤ የአውሮፓው ብስክሌተኛንም ይጨምራል። አጋዘን፣ ከብት ወይም ግመል በሁለቱም የለም። ፈቃደኛ የሆነ አምራች እንስሳን ለይቶ ማስጠንቀቁን ይጨምራል፤ ያልፈለገ አይገደድም። በዚህ ምክንያት በሜይንደል ዳር በምሽት ከሚያልፉት መኪኖች ብዙዎቹ በ1934 ከነበሩት የሚለዩት በመብራታቸው ብርታትና በፍሬናቸው ነው፤ አሸዋው ላይ ያለውን የሜዳ አጋዘን የሚያውቁት እሱ ወደ መብራቱ ሲገባ ብቻ ነው።